መተማ ሞተ የተባለው ምንጅላቴ በ1883 ልጅ እንዴት ወለደ?

የፋርጣ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

የምፈልገው የቅድመ አያቴን አባት ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ዘመዶቼ ብዙ ናቸው፣ ግማሾቹም እዚህ ቤት ድምፃቸውን አጥፍተው ያነባሉ። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ፋርጣ ውስጥ የኖረ ሰው ነው።

ቤተሰቡ ስለ እሱ የሚያወራው ሦስት ነገር ነው። ፊታውራሪ ነበር ይላሉ። በጉርምስናው የአፄ ቴዎድሮስን መድፍ ሴባስቶፖልን ደብረ ታቦር አጠገብ ካለው ከጋፋት እስከ መቅደላ ከጎተቱት አንዱ ነው ይላሉ። ከዚያ ደግሞ ከአፄ ዮሐንስ ጋር መተማ ዘምቶ እዚያው ቀረ። ለቅሶ ቤት አልቃሿ ስታነሳው የምንሰማው እንዲሁ ነው። የፈረስ ስሙ ሳይቀር ሙሾው ውስጥ አለ።

አያቴ ካረፉ በኋላ ሣጥናቸው እኔ ዘንድ ደረሰ። ውስጡ ማኅደሩ የተበጣጠሰ የብራና ዳዊት አለ። በክር የታሰረ የግብር ደረሰኝ አለ፣ ክምር ነው። አንድ የፍርድ ቤት ወረቀትም አለ፣ በ1947 አያቴ ከሳሽ ሆነው በርስት የተከራከሩበት። ከሱ የተረፈው የከሳሽ አቤቱታ ብቻ ነው። ሌላውን አይጥ በልቶታል። አቤቱታው «አያታችን በ1881 መተማ ዘምተው በዚያው ስለ ቀሩ» ይላል፣ ሁለት ቦታ።

አሁን ወደ ዳዊቱ። መጨረሻው ላይ ካለው ባዶ ቅጠል ላይ፣ ከመጽሐፉ ጸሐፊ በተለየ እጅ፣ በደበዘዘ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፦ «በዘመነ ሉቃስ በኅዳር ፲፪ ቀን የእገሌ ልጅ ወልደ ሚካኤል ክርስትና ተነሣ። እህል የጠፋበት ዓመት ነው።» እገሌ ያልኩት ምንጅላቴ ነው። ወልደ ሚካኤል የቅድመ አያቴ የክርስትና ስም ነው፣ ይህን እርግጠኛ ነኝ። ዓመቱ ግን አልተጻፈም።

የትኛው ዓመት ነው? ከዚህስ ወዴት ልሂድ?

መሪጌታ ዘደብር

ልጄ፣ ዓመቱን ማውጣት ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍል። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ ነው። ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። በዚያ ዘመን ያሉት ሉቃሶች 1871፣ 1875፣ 1879፣ 1883 እና 1887 ናቸው።

«እህል የጠፋበት» የሚለው ክፉ ቀንን ከሆነ ምርጫህ አንድ ነው። የከብቱ በሽታ በሬውን የጨረሰው በ1880 እና 1881 ነው። ረሃቡ እስከ 1884 ዘልቋል። በዚያ መካከል ያለው ሉቃስ 1883 ብቻ ነው።

ኅዳር 12 የተወለደበት ቀን አይደለም። ክርስትና የተነሣበት ነው። ወንድ በአርባ ቀኑ ነውና ወደ ኋላ ብትቆጥር ጥቅምት 3 ላይ ትደርሳለህ። ዕለቱ ሚካኤል ስለ ሆነ ካህኑ ወልደ ሚካኤል አሉት። ይህን የጻፉትም የነፍስ አባታቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ጠርዝ ላይ ሰው ስትፈልግም ይህን አስብ። ቤተሰቡ የሚያውቀው ዓለማዊ ስሙን ነው። መጽሐፉ የሚያውቀው የክርስትና ስሙን ነው። የምንጅላትህን የክርስትና ስም ካላገኘህ ስሙ ፊትህ ተጽፎ ታልፈዋለህ። ፍትሐት ላይ የሚጠራው እሱ ስለ ሆነ አሮጊቶች አይረሱትም። እነሱን ጠይቅ።

የፋርጣ ልጅ

መሪጌታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አንድ ችግር አመጡብኝ። መተማ መጋቢት 1 ቀን 1881 ነው። ልጁ ጥቅምት 1883 ከተወለደ አባትየው ከሞተ ከዓመት ተመንፈቅ በላይ ሆኖታል።

ጠርጣራው

ወይ አባትየው መተማ አልሞተም፣ ወይ ልጁ የሌላ ሰው ነው። ሦስተኛ ምርጫ የለም። ይቅርታ አድርግልኝ፣ አንድ ሰው ይህን ማለት አለበት።

ሌላውንም ልበል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሹ የፊታውራሪ ዘር ነው። ሌላው ግማሽ የደጃዝማች ነው። ገበሬ የነበረ አያት ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ያን ሁሉ ፊታውራሪ ማን አብልቶት ኖሮ ነው?

ሴባስቶፖልንም ደግመህ አስብበት። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት ነው። በ1860 መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። ቴዎድሮስ ያኔ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ነው የወጡት። በጌምድር ሸፍቶባቸዋል፣ ሠራዊቱም አብዛኛው ከድቷቸዋል። በዚያ ዓመት የፋርጣ ጎረምሳ መድፍ ከሚጎትት ይልቅ ጫካ ገብቶ ጎታቾቹን ሲተኩስባቸው ቢገኝ ይቀለኛል። ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የመድፉ አምሳያ ቆሟል፣ ስለዚህ ሁሉም ጎታች ሆነ።

ሞጣ ቀራንዮ

ጠርጣራው እንደ ልማድህ አናደድከን፣ ግን መንገዱ ላይ ነህ።

የፋርጣ ልጅ፣ እኔ የጎጃም ሰው ነኝ። የርስቱ ነገር ግን ከእናንተ ብዙ አይርቅም። በድሮ ጊዜ ሰው ዘሩን የሚቆጥረው ታሪክ ስለ ወደደ አልነበረም። መሬት ስለሚያስገኝለት ነው። ከአቅኚው አባት መወለድህን ቆጥረህ ካላስረዳህ ድርሻ የለህም። በእኛ በኩል ፈጅ የሚባል ሰው ነበር። የዋና አባቱን ልጆች ወክሎ ይከራከራል፣ ማን ከማን እንደ ተወለደ በቃሉ ያውቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ሲባል የፈጁ እውቀት ሥራ ፈታ። ልጆቹ አልተማሩትም፤ ለምን ብለው ይማሩት?

ስለዚህ አንድ የዘር ቆጠራ እጅህ ሲገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ ሁሉ የተቆጠረው የትኛውን መሬት ለማግኘት ነው? ቆጠራው እንዴት እንደ ተጎተተና የት ላይ እንደ ተቆረጠ ከዚያ ይገባሃል።

ሌላው፣ ርስት በእናትም ይወረሳል። ሚስቱ አገር ገብቶ የሷን ድርሻ ሲያርስ የኖረ ወንድ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በአባቱ በኩል ብትፈልገው አታገኘውም። የሚስቱን ወንድሞች ፈልግ።

ከሁሉ በላይ ግን የእናንተን አቤቱታ ብቻ ይዘህ አትቀመጥ። አያትህ ከሳሽ ናቸው፣ ለመርታት ነው የጻፉት። ተከሳሾቹም ግልባጭ ወስደዋል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ነው እየተባለ ያንን ወረቀት የሚጥል ሰው አልነበረም። የዚያ ሰው የልጅ ልጆች ቤት አንድ ጣሪያ ሥር ተሰክቶ ታገኘዋለህ።

ሚኒሶታ በረዶ

ስለ ብራና ጽሑፍ ከጠየቅክ የእኔ ጎረቤት ነው። ኮሌጅቪል የሚባል ቦታ፣ አንድ የካቶሊክ ገዳም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረ ፕሮጀክት ከኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በማይክሮፊልም የተነሱ ዘጠኝ ሺህ ገደማ መጻሕፍት አሉ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚያ ካታሎግ ነው። ብዙው አሁን በኢንተርኔት ይነበባል። መጽሐፉ ተአምረ ማርያም ይሁን ድርሳነ ሚካኤል አትይ። ካታሎጉ ላይ ያስጻፈው፣ የገዛው፣ ጠርዙ ላይ ርስቱን ያስመዘገበው ሰው ስም ሁሉ ተለቅሟል። በስም መፈለግ ነው።

ግን ተስፋህን አላጋንን። ያ ሥራ የበረታው ሸዋና ወሎ ላይ ነው። ለጎንደርና ለደብረ ታቦር አካባቢ ዶናልድ ክራሚ የሚባሉ የታሪክ ምሁር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የቤተ ክርስቲያን የመሬት ሰነዶችን ፎቶ አንስተዋል። ሽያጩ፣ ስጦታው፣ ውርሱ፣ ምስክሮቹ በወንጌሉ ጠርዝ ላይ ተጽፈዋል።

የጎንደር መጽሐፍ ግን ብዙ ተንከራቷል። ቴዎድሮስ በ1859 ከተማውን ሲያቃጥሉ መጻሕፍቱን ሰብስበው ወሰዱ። ከመቅደላ በኋላ ምርጥ ምርጡ ለንደን ገባ። የብሪቲሽ ላይብረሪ የመቅደላ ስብስብ ብቻ ሦስት መቶ ሃምሳ ይጠጋል። የቀረውን ደግሞ ደርቡሾች ጥር 1880 አቃጠሉ። ስለዚህ የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ርስት ፍለጋ አንዳንዴ የለንደን ጉዳይ ነው። ተሳክቶላቸው ያገኙ አውቃለሁ።

ቦሩ ሜዳ

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። መሪጌታ ስለ ሁለት ስም ያነሱት እኛ ጋ ሌላ መልክ አለው።

ቅድመ አያቴን በአባቴ ቤት አንድ ስም፣ በአክስቴ ቤት ሌላ ስም ይሉታል። ሁለት ሰው መስሎኝ ሁለት ሳጥን ሠርቼለት ነበር የዘር ሐረጉ ላይ። ኋላ ሲጣራ ሰውየው አንድ ነው። በ1870 የቦሩ ሜዳው ጉባኤ ሲያበቃ አፄ ዮሐንስ የወሎ እስላም ይጠመቅ አሉ። መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። ትልልቆቹ ሲጠመቁ ታናናሾቹም አብረው ተጠመቁ፣ ቢያንስ ቀን ቀን። ቅድመ አያቴ በግብር ሰብሳቢው ፊት ወልደ እገሌ ነው፣ ቤቱ ገብቶ ሲሰግድ የድሮ ስሙ ነው። ልጆቹ ግማሹ ክርስቲያን ቀረ፣ ግማሹ ተመለሰ። እኛም እስከ ዛሬ ሁለቱንም በዓል እንበላለን።

ወረቀት ያገኘሁት ከቁርአን ሽፋን ውስጥ ነው። ልደት በሂጅራ ዘመን ተጽፏል። የወሎ ሰው የምትፈልጉ ካላችሁ መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ጠይቁ። አንዱን ብቻ የጠየቀ ግማሽ ሰው ይዞ ይመለሳል።

የእልፍኝ ልጅ

ይህን ክር ዝም ብዬ ነበር የማነበው። ርስት፣ ፈጅ፣ ወንጌል ጠርዝ ትላላችሁ። ርስት ያልነበረው ሰውስ?

የእናቴ ቅድመ አያት ባሪያ ነበረች። ቤታችን ውስጥ «የእልፍኝ ልጅ» እያሉ ነበር የሚያልፏት። ከየት እንደ መጣች የሚያውቅ የለም። አባቷ ማን ነው የሚል ጥያቄ ሲነሳ ቡና ይቀዳል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋም እንደዚሁ ናቸው። መሬት ካልደረሰህ የሚቆጥርህ የለም፣ የሚከስህም የለም፣ ስለዚህ አትጻፍም።

እሷ ግን አንድ ቦታ ተጽፋለች። ጌታዋ ሲሞት ባስጻፈው ኑዛዜ ውስጥ። ለቤተ ክርስቲያን ይህን፣ ለተዝካሬ ይህን በሬ፣ ለእገሌ ይህን ጋሻ ካለ በኋላ ወደ ታች ወርዶ «እሷን አርነት አውጥቻለሁ፣ ማንም አይያዛት» ይላል። ስሟ እዚያ አለ፣ አንዴ። የመጀመሪያ ልጇ ከእሱ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ኑዛዜው ግን አይልም።

ቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለች ሴት ካለች የነፍስ አባት የጻፈውን ኑዛዜ ፈልጉ። የርስት ወረቀት ላይ አታገኟትም።

ጠርጣራው

የእልፍኝ ልጅ፣ አመሰግናለሁ። ስቀልድ ለማለት የፈለግኩትን አንቺ በቁም ነገር አልሽው።

የፋርጣ ልጅ

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። አገር ቤት ሄጄ ነበር። ሞጣ ቀራንዮ እንዳለው የተከሳሾቹን ልጅ ልጆች ፈልጌ አገኘሁ።

መጀመሪያ ፊት ነሱኝ። የርስቱ ክርክር ሰባ ዓመት አልፎታል፣ መሬቱም የመንግሥት ከሆነ ቆይቷል። እነሱ ግን የከሳሹ የልጅ ልጅ መጣ ብለው በሩ ላይ አቆሙኝ። ኋላ አንዲት አሮጊት «የማን ልጅ ነህ?» ብለው እስከ አምስት ቤት አስቆጠሩኝ። አምስተኛው ላይ «እንግዲያ የእኛው ነህ» ብለው አስገቡኝ። የምንጅላቴ ሚስት የነሱ ቅድመ አያት እህት ነች። ጉዳዩ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። መሬቱ የእሱ አልነበረም፣ የሷ ነው።

ግልባጩ ሙሉ ነው። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከሞተ ራዲዮ ጀርባ። ሦስት ሽማግሌዎች የሰጡት ምስክርነት አለበት። አንደኛው ሰማንያ ዓመት አልፎኛል ያሉ ናቸው፣ ምንጅላቴን በዓይናቸው ያዩ። ቃላቸውን እንዳለ ልጥቀስ፦

«መተማ ዘምተው ነበር። እግራቸውን ተመትተው በቃሬዛ ተመለሱ። በማግሥቱ ዓመት በሬያቸው አለቀ። ሰው በዶማ ቆፈረ፣ እሳቸው መቆፈር አልቻሉም። በክፉ ቀን ለልጆቹ እናት ወንድም ታችኛውን ማሳ በሁለት ዳውላ ገብስ ወለድ አገድ ሰጡት። በዚያን ጊዜ ጭቃ ሹም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ልጅ ወልደዋል።»

ለማታውቁት፣ ወለድ አገድ ማለት አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት መሬቱን እያረሰ ይበላል፣ ምርቱ በወለዱ ፈንታ ነው። ሽያጭ አይደለም።

አሁን አያቴ ለምን «መተማ ቀሩ» እንዳሉ ገባኝ። በ1881 የሞተ ሰው ከዚያ በኋላ በክፉ ቀን ማሳ በወለድ አገድ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ የተከሳሾቹ ይዞታ ከንቱ ነው፣ መሬቱ በነፃ ይመለስልን ነው ክርክሩ። አሪፍ ክርክር ነው፣ ጠበቃ ብሆን እኔም እሞክረው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ልጆቻቸው አመኑት። አልቃሿም ሙሾ አደረገችው።

ሞጣ ቀራንዮ

ወይ ጉድ! እና ማን ረታ?

የፋርጣ ልጅ

ዳኛው ሽማግሌዎቹን አመነ። ነገር ግን ወለድ አገድ ስለ ሆነ ከሳሽ የሁለት ዳውላ ገብስ ዋጋ ከፍሎ ማሳውን ይውሰድ ብሎ ፈረደ። ማለት አያቴ መጀመሪያውኑ እውነቱን ተናግረው ቢሆን ኖሮ ያው ፍርድ ነበር የሚያገኙት።

የግብር ደረሰኙን ከዚህ በኋላ ነው አውጥቼ ያየሁት። እስከ 1949 የአንድ ማሳ ግብር ነው የሚከፍሉት። ከ1950 ጀምሮ ሁለት ነው። ከፍለው ወስደውታል።

ጠርጣራው

ልጁ የሌላ ነው ያልኩትን አንስቻለሁ። ፊታውራሪው ግን ጭቃ ሹም ነው። እሱን አላነሳም።

መሪጌታ ዘደብር

ጭቃ ሹምነት ቀላል አይደለም፣ ልጄ። በዚያ ረሃብ የመንደሩን ግብር ሰብስብ የሚባለው እሱ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ሽማግሌው ሲመሰክሩ ስለ ሴባስቶፖል ያሉት አለ?

የፋርጣ ልጅ

ምንም የለም፣ መሪጌታ። ዳኛው ስለ ማሳ ነበር የጠየቃቸው። አሮጊቷን ግን ስወጣ ጠየቅኳቸው። «መድፍ? እኛ ዘንድ የሚወራው ሸፍቶ እንደ ነበር ነው» አሉኝ። ለምን እንደ ሸፈተ አያውቁም። የክርስትና ስሙን ግን ነገሩኝ፣ ከሚኒሶታው ካታሎግ እጀምራለሁ።

ጠርጣራው

😀 ምንም አልተናገርኩም።